«ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው»፦ ነጋዴ ከባንክ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ እንዴት ተከፈተ?

እኛ የሞያሌ ነጋዴዎች ሂሳብ ስንተሳሰብ ሳንቲም አናልፍም። አንድ ጆንያ ቦሎቄ ቢጎድል ሾፌሩን፣ ወዛደሩን፣ መጋዘን ጠባቂውን አስጠርተን እንጠይቃለን። ባንክ ከሂሳባችን ሲቆርጥ ግን ዝም እንላለን። ስቴትመንቱን አጥፈን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን።

ከመካከላችን ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ የጅምላ ሱቅ ያላት አንዲት እህታችን ለዓመታት እንዲሁ አድርጋለች። ሱቋ ትንሽ ነው፤ ሂሳቡም ኦቨርድራፍት ያለው የንግድ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ነው። አንድ ቀን ሒሳብ አያያዝ የሚማረው ልጇ የሦስት ዓመት ስቴትመንት አወጣና እያንዳንዱን ቅናሽ በደብተር ላይ ደመረ። በውሏ ላይ ያልነበሩ ወይም ሳታውቀው ከፍ ያሉ ክፍያዎች ሲደመሩ የታናሽ እህቱን የአንድ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍኑ ሆኑ። ያንን ተርም ገንዘቡን ተበድራ እንደከፈለች እናስታውሳለን። ቅርንጫፉ ሄዳ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው፤ ለሁሉም እኩል ነው» የሚል ነበር። የባንኩን ስም እዚህ አንጠራም፤ ይህን መልስ ያልሰማ ነጋዴ ግን ያለ አይመስለንም።

ሲስተሙን የሚያዝዘው ሰው ነው፣ ሰውን ደግሞ ሕግ ያዝዘዋል። ኬንያ ውስጥ ባንክ እንደፈለገ ክፍያ እንዳይጨምር የሚከለክል ሕግ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቷል። ሕጉ እያለ ብዙ ነጋዴ ለምን ሳይጠቀምበት እንደኖረ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የጠቀስናቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንቀጽ 44 እና የ1990ዎቹ ማዕበል

የኬንያ የባንክ ሥራ ሕግ በ1989 ሲወጣ አንቀጽ 44 የሚባል አጭር ድንጋጌ ነበረው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ባንክ የባንክ አገልግሎት ክፍያውን ወይም ሌላ ክፍያውን ከመጨመሩ በፊት የገንዘብ ሚኒስትሩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሕጉ ክፍያ አይኑር አላለም፤ ትርፍ አይገኝም አላለም። ያለው «ልትጨምር ከሆነ አስፈቅድ» ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጊዜው ተለወጠ። በ1991 አጋማሽ መንግሥት የወለድ መጠን መወሰኑን ትቶ ለገበያው ለቀቀው። ቀጥሎ የ1992 ምርጫ መጣ። በዚያ ሰሞን ብዙ ገንዘብ ወደ ገበያው ገባ፣ የሸቀጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። መንግሥት የተበተነውን ገንዘብ ለመሰብሰብ የግምጃ ቤት ሰነድ በከፍተኛ ወለድ መሸጥ ጀመረ፤ በ1993 አጋማሽ የሰነዱ ወለድ በዓመት ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ። የባንክ ብድር ወለድም ተከትሎ ወጣ።

በዚያ ዘመን የተበደረ ነጋዴ የፈረመው ውል «ባንኩ በራሱ ውሳኔ ወለዱንና ክፍያውን መለወጥ ይችላል» የሚል ሐረግ ነበረው። ዛሬም በብዙ ውል ላይ አለ። ወለዱ ሲወጣ ዕዳው አበጠ፤ ክፍያ ሲዘገይ ቅጣት ተጨመረ፤ ቅጣቱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ሌላ ወለድ ወለደ። ትንሽ ብድር ወስዶ የከፈለ፣ ደግሞ የከፈለ፣ በመጨረሻም ዕዳው ከወሰደው በላይ ሆኖ ሱቁ ወይም መሬቱ ለሐራጅ የወጣበት ሰው በዚያ ትውልድ ብዙ ነው።

ታዲያ አንቀጽ 44 የት ነበር? በመጽሐፉ ላይ ነበር። ባንኮቹ «ወለድ ክፍያ አይደለም፣ ገበያውም ነፃ ወጥቷል፤ ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልገንም» ብለው ተከራከሩ። በዚህ ክርክር ፍርድ ቤቶችም ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

እስክሪብቶና ካልኩሌተር ይዘው የመጡ

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሰዎች ስቴትመንታቸውን እንደገና ማሰላት ሲጀምሩ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ናይሮቢ ውስጥ የባንክ ወለድና ክፍያን ከውሉ ጋር እያመሳከሩ መስመር በመስመር የሚያሰሉ ባለሙያዎች ብቅ አሉ። ተበዳሪው ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንደ ድሮው «በዛብኝ» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ቀን ይህን ያህል ያለአግባብ ተወስዶብኛል» ማለት ቻለ።

በፓርላማም ትግል ነበር። ጆ ዶንዴ የተባሉ የምክር ቤት አባል ወለድ ከግምጃ ቤት ሰነድ ጋር ታስሮ ጣሪያ እንዲበጅለት የሚል ሕግ አቀረቡ፤ ሕጉ በ2001 ጸደቀ። ባንኮቹ ፍርድ ቤት ሄደው ስለተከራከሩት ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

የዚያ ትግል ፍሬ የታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ2006 የወጣና ከግንቦት 1 ቀን 2007 ጀምሮ የጸና ማሻሻያ በሕጉ ላይ አንቀጽ 44ሀ ጨመረ። ሐሳቡ ከጥንት የሮማ ሕግ የመጣ ነው፦ ብድር መከፈል አቁሞ «የተበላሸ ብድር» ከተባለ በኋላ የሚታሰበው ወለድ በዚያን ቀን ካለው ቀሪ ዋና ገንዘብ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሚሊዮን ሺሊንግ ዋና ዕዳ ቀርቶ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ወለድ በአንድ ሚሊዮን ይቆማል። ይህ ድንጋጌ የስንቱን ሱቅ ከሐራጅ እንዳዳነ የኢስሊ ጠበቆች ያውቁታል።

በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 46 የሸማችን መረጃ የማግኘትና ካሳ የመጠየቅ መብት አስገባ። በ2016 የብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ መጠን በ4 ነጥብ ብቻ እንዲበልጥ የሚል ጣሪያ ወጣ። ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ባንኮች ለትንንሽ ነጋዴዎች ማበደሩን ቀነሱ፤ ለመንግሥት ማበደር ቀለላቸው። ጣሪያው በ2019 መጨረሻ ተነሣ። ከዚህ የተማርነው፣ ዋጋ በአዋጅ መወሰንና ባንክን በውሉና በሕጉ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው መጥቶ ሄዷል፤ ሁለተኛው ዛሬም በእጃችን ነው።

የአንቀጽ 44 ረጅም ክርክርም በቅርብ ዓመታት እልባት አግኝቷል። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስታንቢክ ባንክ ሳንታወልስ ከተባለ ኩባንያ ጋር በነበረው ክርክር፣ አንቀጽ 44 ወለድንም እንደሚጨምር፣ ባንክም ያለ ፈቃድ ሊያሳድገው እንደማይችል ወሰነ። የክርክሩ ሥር ወደዚያው ወደ 1990ዎቹ ብድር የሚመለስ ነው።

የለንደን ደብዳቤ ለምን አልሠራልንም?

እህታችን ነገሩን ለዘመዶቿ ስትነግር፣ ለንደን ያለ የአጎቷ ልጅ «እኛ ሀገር ሰው ሁሉ አስመልሷል» ብሎ የተዘጋጀ ደብዳቤ ላከላት። እውነት ነው፣ ከ2006 ጀምሮ በብሪታንያ በርካታ ሰዎች ከፈቃድ በላይ በማውጣት የተቆረጠባቸውን ቅጣት በደብዳቤ ጠይቀው ተመልሶላቸዋል። ሆኖም በ2007 ጉዳዩ ወደ አንድ የሙከራ ክስ ተጠቀለለ፤ ኅዳር 25 ቀን 2009 ደግሞ የዚያው ሀገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለባንኮቹ ፈረደ። ከዚህም በላይ፣ ሰዎቹ የተደገፉበት የ1999 ደንብ የሚጠብቀው ከንግድ ሥራው ውጭ የሚዋዋልን ግለሰብ እንጂ የሱቅ ሂሳብን አልነበረም። የሰው ሀገር ደብዳቤ የሰው ሀገር መድኃኒት ነው፤ መጀመሪያ የራስን ሀገር ሕግ ማየት ይበጃል።

ድንበሩን ወደ ኢትዮጵያ ለተሻገረ ሂሳብም መሠረት አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል፤ ባንኮች ክፍያቸውን በግልጽ እንዲያሳውቁና የቅሬታ ማስተናገጃ እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

እህታችን ምን አደረገች?

በሁለተኛው ጊዜ ቅርንጫፉ የሄደችው ለጭቅጭቅ አልነበረም። አንድ ሠንጠረዥ ይዛ ነበር፦ ቀን፣ የክፍያው ስም፣ መጠን፣ በውሉ ላይ ያለበት ቦታ። ከሠንጠረዡ ጋር ያስገባችው ደብዳቤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ይህን ክፍያ የሚፈቅደው የትኛው የውሌ አንቀጽ ነው? ክፍያው ከፍ ያለው መቼ ነው፣ ለእኔስ እንዴት አሳወቃችሁኝ? ጭማሪው በአንቀጽ 44 መሠረት የተፈቀደበት ደብዳቤ የት አለ? በደብዳቤዋ ቅጂ ላይ የባንኩን ማኅተምና ቀን አስመትታ ወሰደች።

የመጀመሪያው መልስ «ቅሬታዎን ተቀብለናል» ብቻ ነበር። ደግማ ጻፈች፤ አሁን ግን ጉዳዩን ለማዕከላዊ ባንኩ እንደምታቀርብ ገለጸች። ከሳምንታት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለላት። ያልፈረመችበት የኢንሹራንስ ክፍያና ሳይነገራት ከፍ ያለው ወርሃዊ ክፍያ ልዩነት ተመለሰላት። ስንቅ ሳይኖራቸው በተመለሱት ሁለት ቼኮች የተቆረጠው ግን አልተመለሰም፤ ውሉ ላይ አለ፣ ጥፋቱም የራሷ ነበር። እሷም አልተከራከረችም። ልክ የሆነውን ልክ ነው ማለቷ ሌላውን ጥያቄዋን አጠነከረላት ብለን እናምናለን።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለሰው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የባንክ ሂሳብ ግን ዝም ሲባል ይነቅዛል፣ የሚያነቅዘውም ይርጋ ነው። ኬንያ ውስጥ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ6 ዓመት ይታገዳል። መሳቢያ ውስጥ ያለው የሰባት ዓመት ስቴትመንት ለትዝታ ካልሆነ አይጠቅምም፤ የአምስት ዓመቱ ግን ገና ገንዘብ ነው።

እሷ ገንዘቧን ካገኘች በኋላ ከመካከላችን አራት ሰዎች ስቴትመንታቸውን አውጥተው መደመር ጀምረናል። አንዳችን ምንም ስሕተት አላገኘም፤ እሱም ቢያንስ ምን እንደሚከፍል አወቀ። ሌሎቻችን ደብዳቤ እየጻፍን ነው። እናንተም መሳቢያውን ክፈቱት፤ ለጎደለው ቦሎቄ የምታነሡትን ጥያቄ ለባንኩም አንሡ።