እንጀራ፦ የማዕድ ቃል፣ የሎሌነት ቃል



የታሪክ ሰው ቃልን እንደ ሰነድ ማንበብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ያቀረብሁት ሰነድ በየዕለቱ የምንቆርሰው እንጀራ ነው።

ሥራውን ያጣ ሰው «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ይባላል፤ ባሕር የተሻገረውም «እንጀራ ፍለጋ ሄደ»። ግዕዙ በአባታችን ሆይ ጸሎት ውስጥ «ሲሳይ» ያለውን አማርኛው «እንጀራ» ብሎ ሲመልሰው፣ ቃሉ መተዳደሪያን ሁሉ እንዲያቅፍ ተፈቅዶለት ነበር። በቤተ ልሔም ከስንዴ የሚጋገረው የመሥዋዕቱ ኅብስት ግን ስሙን ጠብቆ ኖሯል።

ይህ የትርጉም መስፋት ከአስተዳደር ታሪካችን ተነጥሎ የሚታይ አይመስለኝም። በቀደመው ሥርዐት ሎሌ በአብዛኛው የወር ደመወዝተኛ አልነበረም። ከጌታው ማዕድ ይበላል፣ ልብስ ይቀበላል፣ ከቀናውም መሬት ይሰጠዋል። ስለዚህ «የእገሌን እንጀራ በልቻለሁ» ማለት የታማኝነት ቃል ነበር፤ የበላ ሰው አበላኙን አይከዳም። ይሁንና እንጀራው ከየት መጣ? ከገበሬው ጎተራ ነው። «ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራል፦ ገበሬው ግብር ያገባል፣ ጌታውም ግብር ያበላል። (የእኛ ዘመን ግብር ከፋይ ወደ ግብሩ አይጠራም፤ እርሱን ለምጣኔ ሀብት ባልደረቦቼ እተዋለሁ።) ምስጋናው ግን ለአራሹ ሳይሆን ለአብይው ይደርስ ነበር።

ደመወዝ ከመጣ በኋላም ቃሉ ቦታውን አልለቀቀም። ዛሬም ሠራተኛ በቢሮው የሚፈጸመውን በደል እያየ «ለእንጀራዬ ስል ዝም አልሁ» ይላል። ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ ሰው እንደሰጠው ችሮታ የሚያስቆጥረው ይኸው የአዳራሽ ቋንቋ ነው። ለእኔ የቃሉ ከባዱ ውርስ ይህ ነው።

በቤተ ዘመድ ስያሜም አንድ ግርምት አለ። አባት ሌላ ሲያገባ የምትመጣው ሴት «የእንጀራ እናት» ትባላለች። ስያሜው እውነተኛ ነው፤ አልወለደችም፣ ነገር ግን ትመግባለች። ተረቶቻችን ግን ክፉ አድርገው ሣሏት። እንጀራ ያበላ ጌታ ሲወደስ፣ እንጀራ ጋግራ ያበላች ሴት ተጠርጣሪ ሆነች። የወፍጮ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ለዚያ ሁሉ ግብር እህሉን በድንጋይ የፈጩት፣ ሊጡን ያቦኩትና በምጣዱ ጭስ ዐይናቸው የተቃጠለው ሴቶች ናቸው። በዜና መዋዕሎቻችን የግብሩን አዳራሽ ሰፊ መግለጫ እናገኛለን፤ የእነርሱን ስም ግን እምብዛም አናገኝም።