ቅጥሩና መልአኩ



ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ701 ዓመት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በይሁዳ ላይ ዘመተ። 46 ከተሞችን እንደ ያዘ፥ ንጉሡን ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በቀፎ እንደ ዘጋበት ራሱ ባስቀረጸው ጽሑፍ ይመካል፤ ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ግን አይልም።

ሕዝቅያስ አስቀድሞ ቅጥሩን ጠግኖ፥ ውኃውንም ዓለት አስፈልፍሎ ወደ ከተማይቱ አስገብቶ ነበር። የዛቻው ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ ግን በቅጥሩ አልታመነም፤ በቤተ መቅደስ በእግዚአብሔር ፊት ዘርግቶ ጸለየ። በዚያች ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ ወጥቶ ከአሦር ሰፈር 185,000 ሰው እንደ ገደለ መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል።

እንግዲህ መልአክ ይጠብቀናል ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ፤ ቅጥር አለን ብለንም ጸሎትን አንተው። ጭንቀታችንን በፊቱ እንዘርጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።