ማቆያ እንበለው

«የቀዘቀዘ የምግብ ማሳያ» የሚል ሐረግ በዕቃ ዝርዝርና በሽያጭ ወረቀት ላይ እየተዘወተረ መጥቷል። ላሊበላ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት ባስገባው አዲስ ዕቃ የዋስትና ወረቀት ላይም ይኸው ተጽፎ አነበብሁ። ዕቃውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ መብራትና መደርደሪያ ያለው፣ ኬኩን፣ እርጎውንና ጁሱን በቅዝቃዜ ውስጥ ደርድሮ ለገዢ የሚያሳይ ነው። አዲስ አበባ «ዲስፕሌይ ፍሪጅ» ትለዋለች፤ «ሾኬዝ» የሚሉትም አሉ። ፍሪጅ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ «ባለመስታወቱ» ብለው ያልፉታል። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፤ ትጠቅመናለች።

ሐረጉን በአማርኛ ሰዋስው ስታነቡት የቀዘቀዘው ማሳያው ሆኖ ይገኛል፤ ምግቡ የለበትም። የባሰው ግን ቃሉ በልባችን ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። ገበያ ቀዘቀዘ ስንል ገዢ ጠፋ ማለታችን ነው። ሰርጉ ቀዘቀዘ፣ ጨዋታው ቀዘቀዘ፣ ሥራው ቀዘቀዘ እንላለን። ሰውን አቀዘቀዘው ማለት ከተነሣበት ሐሳብ መለሰው ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለነጋዴ የሚመኙት ነገር አይገኝም። ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስጭኖ፣ በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና አሳልፎ ላስታ ላሊበላ ያደረሰ ሰው በሱቁ ፊት «የቀዘቀዘ ማሳያ» አቆመ ሲባል፣ ቋንቋው እየረገመው ነው።

«በረደ» ይሻል ይሆን? ሥሩ ጥንታዊ ነው። ግእዝ በረዶን «በረድ» ይለዋል፤ ብርድም በረዶም የዚያው ሥር ልጆች ናቸው። በረደ ከቀዘቀዘ ይልቅ የዋህ ነው፤ ቁጣ ይበርዳል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ትኩሳት ይበርዳል። ስለዚህ «ማብረጃ» ደግ ቃል ነበር፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት ቀድሞ ወስዶታል፤ ማብረጃ ሲባል የትኩሳት መድኃኒት ይታየናል። ማዕድ ላይ ደግሞ የበረደ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም። «ብርድ ሳጥን» የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። በ«ቁም ሳጥን» አምሳል የተሠራ፣ አጠር ያለ፣ አፍ የሚሞላ ቃል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር። ያጣላን «ብርድ ልብስ» ነው። ብርድ ልብስ ብርድን የሚከለክል ልብስ ነው፤ በዚያው ሥርዓት ብርድ ሳጥን ብርድ የማያስገባ ሳጥን ይሆናል።

ግእዝ የሚወዱ ሰዎች «ቤተ ቍር» ይላሉ። ቍር የግእዝ ቃል ነው፤ የደጋ ሰው ዛሬም ሌሊቱን ሲያማርር ቁር ይላል። «ቤተ» ደግሞ ብዙ ሠርቶልናል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር፣ ቤተ ሙከራ ሁሉም ተወልደው ያደጉ፣ ማንም ባዕድ የማይላቸው ቃላት ናቸው። ስለዚህ ቤተ ቍር በሕግ የሚነቀፍ አይደለም። ግን ላሊበላ ላይ ቆማችሁ በሉት እስኪ። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ ጊዮርጊስ በሚባልበት ከተማ ኬክ የተደረደረበትን መስታወት «ቤተ» ብሎ ለመጥራት ምላስ እሺ አይልም። ቃል የሚኖረው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፤ እዚያ ያለው ጎረቤት ለዚህ ዕቃ ከብዶታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ«ትኩስ» ነገር ነው። ትኩስ «ተኮሰ» ከሚለው፣ ከእሳት ሥራ የወጣ ነው። አማርኛ ሙቀትንና አዲስነትን በዚህ በአንድ ቃል አስሯቸዋል። ትኩስ እንጀራ ከምጣድ የወጣ ነው፤ ትኩስ ወተት አሁን የታለበ ነው፤ ትኩስ ወሬ እንኳ ገና ከአፍ የወጣ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ ማለዳ የታረደውን ከተሰቀለበት አስቆርጦ የሚወስድ ሰው፣ ፍሪጅ የገባ ሥጋ ሲሰጡት ፊቱ ይለወጣል፤ በዓይኑ ትኩስነቱን አጥቷል። እንግዲህ ባለመስታወቱ ዕቃ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ትኩስነትን በቅዝቃዜ ይጠብቃል። ይህ በአማርኛ ጆሮ የሚጋጭ ነገር ስለሆነ፣ ስሙ ቅዝቃዜውን ፊት ለፊት ባወጣ ቁጥር ገዢው ይሸሻል። ስያሜው መያዝ ያለበት ዕቃው የቆመለትን ጉዳይ ነው፤ ቅዝቃዜው መሣሪያው ብቻ ነው።

«ማሳያ ማቀዝቀዣ» የሚሉት ሰዎች ሰዋስዋቸው ልክ ነው፤ ከመጀመሪያው ሐረግም እጅግ ይሻላል። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ዕቃው ማቀዝቀዣ አይደለም። አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ፍሪጅ ሠሪ አስጠርተው «አያቀዘቅዝም» ብለው ሲያሳዩት አጠገባቸው ነበርሁ። ከምድጃ የወረደ አንድ ድስት ወተት ውስጡ ተቀምጧል፤ መስታወቱ በላብ ተሸፍኗል፤ ሞተሩ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ሠሪው ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና «እትዬ፣ ይህ እኮ የበረደውን እንዳይሞቅ ይይዛል እንጂ የፈላውን አያበርድም» አላቸው። «ታዲያ ስሙ ማቀዝቀዣ አይደል እንዴ፣ ልጄ?» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ስሙ እንዲያ አድርጉ ብሏቸዋል፤ አደረጉ።

ልጁ ያለው የመሐንዲሶቹም ቃል ነው። የዚህ ዕቃ ሞተር አቅም የሚሰላው በመስታወቱ በኩል ሾልኮ ለሚገባው፣ ከመብራቱ ለሚወጣውና በሩ በተከፈተ ቁጥር ለሚገባው ሙቀት ነው፤ ለፈላ ድስት የተሰላ ነገር የለውም። የፈላው ሲገባበት ጎረቤቱ ያለው እርጎም አብሮ ይሞቃል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ደግሞ ምግብ የሚያበላሹና የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ይራባሉ። አይሶ 23953 የተባለው የእነዚህ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ አንደኛ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ የሰጠው ለቃላት ትርጓሜ ነው፤ መስፈርትና ፍተሻ የሚመጡት በሁለተኛው ክፍል ነው። ኤም 1 የሚባለው ምድብ ትርጉሙ ከተደረደረው ሁሉ የሞቀው ከ5 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ የቀዘቀዘውም ከዜሮ በታች ከ1 ዲግሪ እንዳይወርድ ነው። የሚጠየቀው ባለበት መያዙ ነው። ማቆየቱ።

ቃሉም እዚያው አለ። ቆየ፣ አቆየ፣ ማቆያ። ከውጭ የምናስገባው፣ ከግእዝ የምንቆፍረው ነገር የለም። የሕፃናት ማቆያ እንላለን፤ እናት ሥራ ውላ እስክትመለስ ልጇ እንደነበረ የሚጠብቃት ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ «ለይቶ ማቆያ» በሳምንታት ውስጥ ከጋዜጣ ወደ ሰው አፍ ወረደ፤ ማንም እንዲያስረዱት አልጠየቀም። የጤና ባለሙያዎች ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይዘው ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላ የሚያደርሱበትን መንገድ «የቅዝቃዜ ሰንሰለት» ይሉታል፤ የዚያ ሰንሰለት እያንዳንዱ ቀለበት ማቆያ ነው።

ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ያነሣሉ። «የቆየ ሥጋ» ማለት ያረጀ ሥጋ አይደለም ወይ? ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። መልሱ ያለው በአንዲት «አ» ነው። «ቆየ» ነገሩ ብቻውን፣ ጠባቂ ሳይኖረው መሰንበቱ ነው፤ ስለዚህ ያረጃል። «አቆየ» ውስጥ ግን አንድ ተቆርቋሪ ሰው አለ። አባቶች ያቆዩልን አገር፣ አያቶቻችን ያቆዩልን ቅርስ እንላለን፤ ያረጀ ማለታችን አይደለም፤ ሳይጎድል፣ ሳይበላሽ እዚህ ያደረሱልን ማለታችን ነው። በላስታ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አለቱን ወቅረው የሠሩትን፣ በ1970 ዓ.ም. ዓለም በቅርስነት የመዘገበውን ሥራ ሰው ሁሉ በዚሁ ግስ ይጠራዋል። የላስታ እናትም ሥጋን በቋንጣ፣ እንጀራን በድርቆሽ ስታቆይ የኖረችው ፍሪጅ ሳይፈጠር ነው። እንግዲህ አማርኛ ለዚህ ሥራ ከድሮ ጀምሮ ግስ ነበረው ማለት ነው፤ እኛ ነን ትተነው በትርጉም ወረቀት ላይ ስንዳክር የቆየነው።

ታዲያ መስታወቱስ? «መስታወት ማቆያ» ቢባል፣ የሕፃናት ማቆያ ሕፃናትን እንደሚያቆይ መስታወት የሚያቆይ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የፍሪጅ ሠሪዎቹ «ባለመስታወቱ» የሚያድነን። «ባለ» በአማርኛ ትልቅ ጌታ ነው፤ ባለሙያ፣ ባለአገር፣ ባለፎቅ። «ባለመስታወት ማቆያ» ስንል መስታወቱ የዕቃው መልክ፣ ማቆየቱ ሥራው እንደሆነ ሳያሻማ ይሰማል፤ «ማሳያ» የሚለውንም ያስቀራል፤ መስታወት ያለው ነገር መታየቱ አይነገርም። በወረቀት ላይ ሙሉው ይጻፍ፤ በአፍ «ማቆያ» ይበቃል። «ከማቆያው ሁለት እርጎ አውጪልኝ» ማለት ይቻላል። በሌሎቹ ስያሜዎች ይህን ሞክሩና ልዩነቱን አድምጡ።

ሁሉን እንተርጉም የምል ሰው አይደለሁም። ኮምፕረሰር ኮምፕረሰር ይባል፤ ሠሪው «ሞተር» ካለውም ይበለው። ቴርሞስታት፣ ጋዝ፣ ስታቢላይዘር ሥራ ለምደው ገብተዋል፤ የበር ጎማም እንዲሁ። የማይተረጎም ዕቃ ቢኖር አያሳፍርም፤ በደጅ ቆሞ ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን የእኛ ስም ይኑረው። አንዳንዶቹ ክፍሎች ደግሞ በአማርኛ ሲጠሩ የበለጠ ይገባሉ። ፊቱ ክፍት በሆነ ማቆያ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ «የአየር መጋረጃ» ቢባል፣ ዕቃውን እስከ አፉ የሚከምር ልጅ መጋረጃውን እየቀደደ እንደሆነ ወዲያው ይረዳል።

አተካከሉና ጥገናው ላይ ላስታ የራሱ ነገር አለው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቀኑ ብዙም ስለማይሞቅ ማቆያው ይጠቀማል፤ ነገር ግን ቀጭን አየር ከኮንደንሰሩ ሙቀት ወስዶ ለመሄድ ይደክማል። በላዩ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ስለዚህ ኮንደንሰሩ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ፤ ዕቃው ከግድግዳ ራቅ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ፈንጠር ብሎ፣ እግሩ ተስተካክሎ ይቁም። ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ቧንቧውን በፓምፕ ባዶ የሚያደርግ ሠሪም ይወቀው፤ መመሪያው 30 ኢንች ይደርሳል የሚለው የግፊት መለኪያ መርፌ ላሊበላ ላይ 22 ገደማ ሲደርስ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም፤ ተራራው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ከተነሣ ሊቃጠል ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። እንዲያ ጠፍቶ የሚሰነብት ማቆያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሩ ገርበብ ተደርጎ መቀመጥ አለበት፤ ተዘግቶ ከከረመ ሻጋታው ከጎማው አይለቅም።

የጥገናውን ጊዜ ደግሞ ጾሙ ራሱ ይመድበዋል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ድረስ በጾመ ነቢያት ወተቱም፣ ቅቤ ያለበት ኬኩም ከመደርደሪያው ይወርዳሉ፤ የጾም ኬክና ለስላሳ ይቀራሉ። ማቆያው የሚፈተሽበት ወቅት ይህ ነው። ለታኅሣሥ 29 አጥቢያ ምእመናኑ ከየአገሩ ጎርፈው ሌሊቱን በቤተ ማርያም ቅጥር ሲያድሩ፣ በማግሥቱ ወተትና እርጎ የሚጠይቀው ሰው ብዛት ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ፍሪጅ ሠሪ ፍለጋ ወልድያ መደወል ይቸግራል። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፦ የላስታን ነጭ ማር ማቆያ ውስጥ የሚደረድሩ ሱቆች አይቻለሁ። ማር ማቆያ አይሻም፤ ራሱን ያቆያል። ቦታው ለእርጎው ይለቀቅ።

የቀረብን ፍሪዘር ነው። እርሱ በእውነት ያረጋል፤ ውኃውን ድንጋይ ያደርገዋል። ስለዚህ «ረጋ» ከሚለው «ማርጊያ» እንበለው የሚሉ አሉ፤ ሥሩ መልካም ነው፤ የረጋ ማር፣ የረጋ ቅቤ እንላለን። እኔን የሚያግደኝ ጆሮዬ ነው፤ «መረገ»ን፣ ጭቃና ግድግዳን ይሰማበታል። «ማጋገሪያ» የሚለውም ምጣድ ያስታውሰኛል። የተሻለ ያለው ካለ ያምጣው፤ «ማቆያ» ግን ለፍሪዘር እንዳይሰጥ እለምናለሁ።