ከ82ኛው ደቂቃ በኋላ

እሁድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2015። ሊቨርፑል በሜዳው በአንፊልድ ክሪስታል ፓላስን ያስተናግዳል። ቦላሲ ለእንግዶቹ አስቆጠረ፤ ኩቲንሆ አቻ አደረገ። በ82ኛው ደቂቃ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ተከላካዩ ስኮት ዳን ዘሎ በግንባሩ ገጫት። ግብ ጠባቂው ሚኞሌ መለሳት። የተመለሰችው ኳስ ግን ዞራ ያንኑ ዳንን አገኘችው፤ ሁለተኛዋን አልሳታትም። ፓላስ 2 ለ 1 መራ።

አሁን ዓይናችሁን ከሜዳው አንሱና ወደ መቀመጫዎቹ አዙሩ። አንዱ ይነሳል። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ይስባል። አጠገቡ ያሉት ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳልፉታል። የተነሳበት ወንበር ቀጭ ብሎ ይታጠፋል። ወዲያው ሌላ ወንበር፣ ቀጥሎም ሌላ። ብዙም ሳይቆይ መተላለፊያው በሰው ጀርባ ይሞላል። ጨዋታው ግን ገና ስምንት መደበኛ ደቂቃና የባከነው ሰዓት ይቀረዋል።

ያን ሁሉ ጀርባ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ የርገን ክሎፕ። ብሬንዳን ሮጀርስን ተክቶ ከተሾመ ገና ወሩ ነው። ሲመጣ ለደጋፊው ያቀረበው ልመና ከተጠራጣሪነት ወጥታችሁ አማኞች ሁኑ የሚል ነበር። ያን ቀን በአሰልጣኝነቱ የመጀመሪያውን ሽንፈት ቀመሰ። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦም ከጎሏ በኋላ ብዙ ሰው ሲወጣ እንዳየና በዚያች ሰዓት ብቸኝነት እንደተሰማው ተናገረ።

እስቲ አስቡት! ማንም ብቻውን እንደማይጓዝ ቃል የሚገባ መዝሙር በየጨዋታው በሚዘመርበት ሜዳ አሰልጣኙ ብቻዬን ቀረሁ አለ። ብዙ ሰው ከንግግሩ የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው። ክሎፕ ግን በዚያ አላበቃም፤ ጥፋቱንም በደጋፊው ላይ ጭኖ አልሄደም። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ምንም ነገር ሊፈጠር ስለሚችል፣ ማንም አንዲት ደቂቃ ቀድሞ መውጣት እንዳይችል የማድረጉ ኃላፊነት የእኛ ነው አለ። የኔ ትረካ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።

መቼም ቀድሞ የሚወጣ ሁሉ ከሃዲ አይደለም። አንፊልድ በጠባብ የሰፈር መንገዶች መሃል የተሠራ ስታዲየም ነው፤ በሩ ላይ የሚያወርድ ባቡር የለም። ከ40,000 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሲፈስ መንገዱ ይጨናነቃል፣ የአውቶቡሱ ወረፋ ይረዝማል። ልጁን አዝሎ የመጣ አባት አለ። ከሌላ ከተማ መጥቶ የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠው የሚሰጋ አለ። በማግስቱ በማለዳ ሥራ የሚገባ አለ። አዲስ አበባ ላይ ከጨዋታ በኋላ ታክሲ የተጋፋ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ባቡሩ የሚያመልጠው ሰው ቡድኑ እየመራም ቢሆን ያመልጠዋል። በዚያ እሁድ ያን ሁሉ ወንበር ያሳጠፈው የስኮት ዳን ጎል ነው። ሰው የሸሸው ሕመሙን ነበር።

አምስት ሳምንት አለፈ። ዲሴምበር 13፣ አሁንም እሁድ፣ ዌስት ብሮም አንፊልድ መጣ። ሄንደርሰን ቀድሞ አስቆጠረ። ዳውሰን አቻ አደረገ። በ73ኛው ደቂቃ ኦልሰን እንግዶቹን አስመራ። ያው 2 ለ 1፣ ያው ሜዳ፣ ያው ፈተና! በዚህኛው ቀን ግን ትሪቡኑ አልተፈታም። ለጉዳት የባከነው ሰዓት ረጅም ስለነበር ጨዋታው ከ90 ደቂቃ አልፎ ብዙ ሄደ። በ96ኛው ደቂቃ ዲቮክ ኦሪጊ ከሳጥኑ ውጪ መታት። ኳሷ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫዋን ቀየረችና መረቡ ላይ አረፈች። 2 ለ 2።

ፊሽካው እንደተነፋ ክሎፕ ተጫዋቾቹን ሰበሰበ። እጅ ለእጅ አያያዛቸው፤ ከጎሉ ጀርባ ወዳለው፣ ኮፕ ወደሚባለው የደጋፊ ክፍል ወሰዳቸውና በአንድ መስመር አሰልፎ እጃቸውን ወደ ላይ አስነሳቸው። ብዙዎች ሳቁበት። በሜዳው ከዌስት ብሮም ጋር አቻ ወጥቶ ይህ ሁሉ ምን የሚሉት ነው አሉ። ክሎፕ ግን ያመሰገነው ስለ አንዲት ነጥብ አልነበረም። ያ ሰልፍ ቆይታችሁልናልና እናመሰግናለን ማለት ነበር። በወሩ እዚያው ሜዳ ላይ፣ አርሰናል 3 ለ 2 እየመራ 90ኛው ደቂቃ ሲደርስ፣ ጆ አለን አቻ አደረገ። አንፊልድ ቀስ በቀስ መጠበቅን እየለመደ ሄደ።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ክለቡ ዋናውን ትሪቡን እያስፋፋ ነበርና ለቀጣዩ የውድድር ዓመት 59 ፓውንድ የነበረው ውዱ ትኬት 77 ፓውንድ እንዲገባ ወሰነ። ስፒሪት ኦቭ ሻንክሊና ስፒዮን ኮፕ 1906 የተባሉት የደጋፊ ማኅበራት ጥሪ አስተላለፉ፤ 77 ካላችሁን እኛም በ77ኛው ደቂቃ ተነስተን እንወጣለን አሉ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016፣ ተጋጣሚው ሰንደርላንድ ነበር። ክሎፕ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ሜዳ አልተገኘም። ፊርሚኖና ላላና አስቆጥረው ሊቨርፑል 2 ለ 0 ይመራል። 77ኛው ደቂቃ ሲደርስ 10,000 ገደማ ይሆናሉ ተብሎ የተገመቱ ሰዎች ብድግ አሉ። ዘመሩ፤ ወጡም።

የመጀመሪያው ቀን የወጡት ቡድናቸው ስለተመራ ነበር። እነዚህ ግን እየመሩ ወጡ። ሜዳው ላይ ያለውን ደስታ ጥለው፣ ነገ ልጆቻቸው ወደዚህ ስታዲየም መግባት ይችሉ ይሆን በሚል ጭንቀት ወጡ። ዋጋም ከፈሉበት። በ82ኛው ደቂቃ ሰንደርላንድ በቅጣት ምት አንድ አገባ፤ በ89ኛው ጀርሜን ዴፎ ደገመ። 2 ለ 2። ጎሎቹ የገቡት ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው ብሎ መማል አይቻልም። የሆነው ሆኖ የክለቡ ባለቤት ፌንዌይ ስፖርትስ ግሩፕ በአራተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀ፤ 77 ፓውንዱ ቀረ፤ ውዱ ትኬትም ለሁለት የውድድር ዓመት ባለበት በ59 እንዲጸና ተደረገ። አንፊልድ በዚያ ዓመት ሁለት ዓይነት መውጣት አየ። አንዱ ቡድኑን ብቻውን ጥሎ መሄድ ነው። ሌላው ቡድኑ የሰፊው ሕዝብ ሆኖ እንዲቀር ሲሉ የራስን ደስታ መሠዋት ነው።

ኤፕሪል 14 ደረሰ። የዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ነው፤ እንግዳው ክሎፕ ሰባት ዓመት ያሠለጠነው ቦሩሲያ ዶርትሙንድ። ጀርመን ላይ 1 ለ 1 ተለያይተዋል። ማግስቱ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ያለቁበት የሂልስቦሮ አደጋ 27ኛ ዓመት በመሆኑ የሁለቱም ቡድን ደጋፊዎች ማንም ብቻውን አይጓዝም የሚለውን ያንን መዝሙር በአንድ ድምፅ ዘመሩ። ከዚያ ዶርትሙንዶች ምሕረት የለሽ ሆኑ። ሚኪታሪያን በ5ኛው፣ አውባሚያንግ በ9ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ። ኦሪጊ ከእረፍት መልስ አንድ ቢመልስም ሮይስ በ57ኛው ሦስተኛውን አከለ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ5 የተጀመረ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የተኛ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል? በ33 ደቂቃ ሦስት ጎል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ባነሰ ዶርትሙንድ ያልፋል፤ በደርሶ መልስ እኩል ቢሆኑ እንኳ በጊዜው ደንብ ከሜዳ ውጪ ብዙ ያገባው ነበር የሚያልፈው።

አንፊልድ ግን አልተነሳም። በ66ኛው ደቂቃ ኩቲንሆ ከሳጥኑ ጠርዝ አክርሮ መታና አገባ። በ78ኛው ሳኮ ከማዕዘን የተላከችውን ጎንበስ ብሎ በግንባሩ ጨመራት። 3 ለ 3። 82ኛው ደቂቃ መጣ፤ አለፈ። አሁንም እንዲህ ካለቀ ሊቨርፑል ወዳቂ ነው። 90 ሞላ። በባከነው ሰዓት ቅጣት ምት ተገኘ። ሚልነር ለስተሪጅ ሰጠው፤ ስተሪጅ ሰንጥቆ መለሰለት። ሚልነር ከመስመሩ አጠገብ ወደ ሩቁ ቋሚ አሻማት። ዴያን ሎቭረን ከኋላ መጥቶ ዘለለና ኮፕ ፊት ለፊት በግንባሩ አስገባት። 4 ለ 3፤ በደርሶ መልስ 5 ለ 4። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ጉንዶጋን የመታት ቅጣት ምት ለጥቂት ወጣች፤ ፊሽካውም ተነፋ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይል ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ ሊቨርፑል በዚያ ዓመት አንድም ዋንጫ አላነሳም። የሊግ ካፑን ፍጻሜ በመለያ ምት በማንችስተር ሲቲ ተነጠቀ፤ የዩሮፓ ሊጉን ፍጻሜ ባዝል ላይ በሴቪያ 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በሊጉም 8ኛ ወጣ። ስለዚህ የቆየ ሁሉ ይሸለማል ብዬ አልዋሻችሁም። የቆየ የሚያገኘው ነገር በዋንጫ አይለካም። ጎሉ በስልክ ይታያል፣ ውጤቱም በዜና ይሰማል። ሁሉም ነገር ጠፋ በተባለበት ሰዓት ከቡድኑ ጋር አብሮ መሆን ግን በዚያች ደቂቃ እዚያው ካልተገኙ በሌላ ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ተጫዋቹም ቢሆን በ90ኛው ደቂቃ ለአንዲት ኳስ የሚሮጥለት ሰው እንዳለው የሚያውቀው ቀና ብሎ ትሪቡኑን ሲያይ ነው።

ይህ የጋራ ኪዳን ነው። ባለቤቱ ድሃውን በዋጋ አያባር። ተጫዋቹ እስከ መጨረሻው ይሩጥ። ደጋፊውም የእሱን ድርሻ ይወጣ። እናም ከእንግዲህ ቡድናችሁ እየተመራ እግራችሁ ለመውጣት ሲቃጣው ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሚያስነሳኝ መንገዱ ነው ወይስ ውጤቱ? መንገዱ ከሆነ በሰላም ግቡ፤ የሚወቅሳችሁ የለም። ውጤቱ ከሆነ ግን ተቀመጡ፤ ቡድናችሁ ከመቼውም በላይ የሚፈልጋችሁ በዚያች ሰዓት ነው።