የአባቶች ሃይማኖት የልጆች የሚሆነው እንዴት ነው?

ማኅበራችን ሲቋቋም በእናቶቻቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ያዩ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል። ያኔ ፊደል እንዲቆጥሩ ስናስቸግራቸው የነበሩትማ የመኪና መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል። በዐሥረኛ ዓመት መጽሔት ላይ ያለፈውን ሥራ መዘርዘር የተለመደ ነው፤ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ለቅሶ መረዳጃው፣ ስለ አዲስ መጪዎች አቀባበል ሌሎች አባላት ይጽፋሉ። እኛ የመረጥነው በየቤታችን ሲነሣ የቆየውን፣ በስብሰባ ላይ ግን ደፍረን ያላወራነውን ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ክርስትና ተነሥተዋል፤ የክርስትና ስምም አላቸው። ነገር ግን ይህ ሃይማኖት የእነርሱ ነው ወይስ ገና የእኛ ብቻ ነው?

ነገሩን ያነሣሣብን አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እዚሁ ኤሪን ውድስ፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቷን፣ «ዛሬ ያን ሁሉ ሰዓት ቆመን የሰማነው ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች። እናት፣ «ጸሎት ነዋ» አለች። ልጅቱ ግን አልተወችም፤ «አንቺስ ይገባሻል?» አለቻት። ይህን ጊዜ ከመካከላችን አንድ ሰው «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብሎ ወሬውን ዘጋው፤ ሁለተኛው ቡናም ተቀዳ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሥራ አለብኝ ትላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከተቀመጥነው ውስጥ ግዕዙ በትክክል የሚገባው ሰው አልነበረም።

በአገር ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ አላስቸገረንም። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳድገው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጎረቤት ሁሉ ይጾማል፤ ታቦት ሲወጣ ከተማው ሁሉ ይወጣል፤ ማንም ብቻውን «አምናለሁ ወይስ አላምንም?» ብሎ አይጨነቅም። እዚህ ግን ታኅሣሥ 29 ቀን እኛ ገናን ስናከብር የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የክረምት ዕረፍት አልቆ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰሞን ነው። በምሳ ሰዓት ለምን ሥጋ እንደማይበላ ለጓደኞቹ ማስረዳት ያለበት ልጁ ራሱ ነው። አጠገቡ ሰፈር የለም፤ የሚመልሰው ከሌለው መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎም ይተዋል።

ታሪካችንን ስንመረምር ግን «አባቶቻችን ዝም ብለው ተቀበሉ» የሚለው አባባል ሙሉ እውነት እንዳልሆነ እናገኛለን። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ እየጮኸበት የሚለምነው ልጅ ዕድሜው ከእኛ ልጆች ጋር እኩያ ነበር። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት የተሰጠውን በቃሉ ይይዛል፤ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ምልክት መሳት አይፈቀድለትም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ጎንጅም ሆነ ዋሸራ ወይም ዋድላ የሄደ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ዋጋ የለውም፤ የራሱን መቁጠር አለበት። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ጫካ ገብቶ ያስባል፤ ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። ከዚያም መጻሕፍት ቤት ሲደርስ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ሲፈታለት ይሰማል። ይህን ሥርዓት የሠሩ አባቶች የወጣት አእምሮ የራሱን ካልወለደ ያልተማረ መሆኑን የተረዱ ሰዎች እንደነበሩ አያጠራጥርም። ችግሩ ይህ ዕድል የጥቂቶች፣ ያውም በአብዛኛው የወንዶች መሆኑ ነበር። እኛ አብዛኞቻችን ከፊደልና ከዳዊት አላለፍንም፤ ስለዚህ ለልጆቻችን ያስተላለፍነው የቃል ጥናቱን ክፍል ብቻ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ክፍተቱ ገሃድ ወጣ። እዚህ ላይ ካናዳ ከታሪካችን ጋር መገናኘቷ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1945 አፄ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ለካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት አስረከቡ። መሪያቸው ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። መነኮሳቱ ልብሰ ተክህኖ ሳይለብሱ፣ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር ስምምነቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን ከሞከሩ በኋላ ብዙ ደም ፈስሶ፣ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት ለሕዝቡ የመለሱበት ጊዜ አልተረሳም። በአዋጅ የመጣ እምነት ዐሥር ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

በዚያ ኮሌጅ ፍልስፍናና ሳይንስ የተማሩት ወጣቶች በሁለት ነገር መካከል ወደቁ። በክፍል ውስጥ ሁሉን እንዲጠይቁ ይማራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ግን በቋንቋቸው የሚመልስላቸው አያገኙም። አንዳንዱ ተወው፤ አንዳንዱም በአደባባይ አፈረበት። ሌሎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ተሰብስበው ሃይማኖተ አበው የተባለውን የተማሪዎች ማኅበር መሠረቱ። ስሙን የወሰዱት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተተረጎመው የአባቶች ትምህርት መጽሐፍ ነው። ወጣቶች ለራሳቸው ማኅበር «የአባቶች ሃይማኖት» ብለው ስም ማውጣታቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አላዘዛቸውምና። በዚህ ሥራ ከረዷቸው አንዱ ፖል ቨርጊስ የተባለ ሕንዳዊ ኦርቶዶክሳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በአስተማሪነት መጥቶ አማርኛ ተማረ፤ ከ1956 እስከ 1959 ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሠራ። ያን ጊዜ ካህን እንኳ አልነበረም። ኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብሎ ጳጳስ ሆነ፤ ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፕሬዚዳንቶችም አንዱ ነበር። ተማሪዎቹ የፈለጉት እንደነርሱ የተማረ፣ እንደነርሱ የጠየቀ፣ ሆኖም የሚጸልይ አንድ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ያንን አገኙ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ወጣ፤ ወጣቱም ያለ አስተርጓሚ የሚያነበው መጽሐፍ በእጁ ገባ።

በዚያው ሰሞን ናዝሬት ላይ ሌላ ነገር ይታይ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ብለው የሜኖናይት ሚስዮናውያንን የዮሐንስን ወንጌል እንዲያስነብቧቸው ጠየቁ። ቋንቋ ፈልገው ሄደው እምነት ይዘው ተመለሱ፤ «ሰማያዊ ብርሃን» የተባለው ቡድናቸውም ኋላ ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለ። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ከተማሪዎች ተነሣች። ከአባላቶቻችን መካከል የዚያ ዘመን ወጣቶች አሉ፤ ቤተሰብ አባሮን ነበር የሚሉም አሉ። በዚህ ጽሑፍ ማን ትክክል ነው ብለን አንከራከርም፤ ወንጌላዊ የሆነውም ወላጅ ዛሬ ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልክ ሲነካካ ያያል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ጭንቀቱ በእነርሱም ቤት እንዳለ አጫውተውናል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተወስደው ተገደሉ። የቀበሌና የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት ይጠራ ነበር። ሆኖም የሰንበት ትምህርት ቤቶች የሞሉት በዚያው ዘመን ነው። ወጣቶቹ መዝሙር ያጠናሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ፣ በበዓል ቀን ሕዝቡን ያስተናግዳሉ፤ ሥራው በእጃቸው ነበር። መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ስትከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በየቤቱ ሲያስተምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህን ስንጽፍ መከራ ይጠቅማል ማለታችን አይደለም። በዚያ መከራ የጠፉብንን እኩዮቻችንን እናውቃለንና ለልጆቻችን አንመኘውም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የዝዋይ ታሪክ ነው። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ባቋቋሙት ማሠልጠኛ ካህናትን ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በዕረፍት ጊዜያቸው እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። እርሳቸው የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በአማርኛ የጻፉ ሊቅ ናቸው፤ ግን ወጣቶቹን አጠገባቸው አስቀምጠው ጥያቄያቸውን ይሰሙ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያርፉ ብዙዎች ሥራው አብሮ የሚቀበር መስሏቸው ነበር። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። በዚያ በረሃ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው መጸለይ ጀመሩ። ግንቦት 20 ቀን መንግሥቱ ወደቀ፤ ተማሪዎቹም ተመልሰው ከዝዋይ ከተማሩት ጋር ሆነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ስለ ማኅበሩ የኋላ ሥራ የተለያየ አስተያየት ያላቸው አባላት አሉን፤ እርሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። እኛ የምንመለከተው ያቺን የብላቴን ጊዜ ነው። አስተማሪያቸው ሞተዋል፤ ወላጅ የለም። እንዲያም ሆኖ ጸለዩ።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኤሪን የአየርላንድ የጥንት መጠሪያ ነው፤ እንግዳ የጠራን ሁሉ እንደምናውቀው የመንገዶቻችን ስም «ኤሪን»፣ «ኤሪን» እያለ ሰውን ያሳስታል። ልጆቻችን ግን እዚህ አይጠፉም፤ የሚጠፋብን እኛ ነን። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። የጠየቁን ነገር ትንሽ ነበር፦ ዓርብ ማታ የአንዱ ቤት ቤዝመንት፣ በእንግሊዝኛ ለመነጋገር ፈቃድ፣ ከታላላቆች አንድ ሰው ብቻ፣ እርሱም ካልተጠየቀ እንዳይናገር።

በእንግሊዝኛው ነገር ተጣላን፤ አሁንም አልተስማማንም። ከፊላችን «አማርኛው ከጠፋ ቅዳሴውም ይጠፋል» እንላለን፤ ከፊላችን ደግሞ አባቶች ከግሪክ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መተርጐማቸውን እናነሣለን። ያም ሆኖ ዓርቡ ተጀመረ። የሚቀመጠው ታላቅ ሰው በየተራ ይለወጣል፤ ዝም ማለቱ ከሁሉ ከባድ ሥራ መሆኑን ተራው የደረሰው ሁሉ መስክሯል። እሑድ ሥራ አለብኝ የምትለው ልጅ ዓርብ ትመጣለች፤ እሑድ ግን ገና አልተመለሰችም። ባለፈው ወር ጥያቄዎቻቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጡን፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው የእርሷ ነው፦ ቅዳሴው ምን ይላል? ስድስቱን እንደምንም መለስን። አምስቱን ይዘን ወደ ካህኑ ሄደናል፤ እርሳቸውም አንዱን አንብበው ፈገግ አሉና «ይህንን እኔም በልጅነቴ ጠይቄ ተገርፌበታለሁ፤ ዓርብ ራሴ መጥቼ እመልሳለሁ» አሉን።