ከሕፃናት ሞት በኋላ የወጣ ሕግ

ገላን ለማስዋብና ለመንከባከብ የሚውሉ ቅባቶችና ፓውደሮች ለረጅም ጊዜ ከመድኃኒት ያነሰ ቁጥጥር ሲደረግባቸው ኖረዋል። ይህ ቸልተኝነት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል በፈረንሳይ የደረሰው አደጋ ገሃድ አውጥቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 «ሞራንዥ» በተሰኘ የሕፃናት ፓውደር ውስጥ ሄክሳክሎሮፌን የተባለ ተሕዋስያን ገዳይ ኬሚካል በፋብሪካ ስሕተት ተቀላቀለ፤ መጠኑም ከመቶ 6 እጅ በላይ ነበር። እናቶች ለልጆቻቸው ምቾት ሲሉ የነሰነሱት ዱቄት፣ የሽንት ጨርቅ ባላላጠው ስስ ቆዳ በኩል ሰርጎ የሕፃናቱን የነርቭ ሥርዓት ጎዳ። መንስኤው እስኪታወቅ ወራት አለፉ። 204 ሕፃናት ተመረዙ፤ ከእነዚህም 36ቱ ሞቱ።

ሲሞን ቬይ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ የመዋቢያ ምርቶችን አሠራርና ይዘት በቁጥጥር ሥር አዋለ። በተከታዩም ዓመት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበር የተከለከሉ ቅመሞችን የሚዘረዝር የጋራ መመሪያ ለአባል አገሮች አወጣ።

የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው። ከፋብሪካው በር መጀመር የነበረበት ፍተሻ ከሕፃናት መቃብር ጀመረ። የሕዝብ ጤና ለአምራች በጎ ፈቃድ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።