ኢትዮጵያ በብሬተን ዉድስ ያገኘችው 310 ድምፅ

ዛሬ የምናወሳው ስለ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን የዚህን ድርጅት ስም የምንሰማው ብር ሲረክስ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ ድርጅቱ በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር አጸደቀ። ጎንደር ላሉ ዘመዶቹ ገንዘብ የሚልክ ሁሉ ለውጡን አይቶታል። ታዲያ በዚህ ድርጅት ውስጥ የሚወስነው ማን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። በጁላይ 1944 የ44 አገሮች መልእክተኞች በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ በተባለ ስፍራ ተሰበሰቡ። ከአፍሪካ የተገኙት ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የቀረው አህጉር በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር የሚናገርለት አልነበረውም። የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። የኢጣሊያ ጦር ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

በእድር ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል፣ እኩልም ይናገራል። በአክሲዮን ማኅበር ግን ብዙ ያዋጣ ብዙ ይወስናል። በብሬተን ዉድስ የተሰበሰቡት ሁለቱን ቀላቀሉ። ይኸውም ለእያንዳንዱ አባል አገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ 250 መነሻ ድምፅ ሰጡ። በዚያ ላይ ለየ100,000 ዶላሩ መዋጮ አንድ ድምፅ ጨመሩ።

የአሜሪካ መዋጮ 2,750 ሚሊዮን ዶላር፣ የኢትዮጵያ ደግሞ 6 ሚሊዮን ሆኖ ተመደበ። ስለዚህ ለአሜሪካ 27,750፣ ለኢትዮጵያ 310 ድምፅ ደረሰ። ልዩነቱ ወደ 90 እጥፍ ነው። መነሻው ድምፅ ባይኖር ኖሮ ግን ከ450 እጥፍ ይበልጥ ነበር። 250ዋ ለድሃ አገር ምን ያህል እንደጠቀመች ከዚህ ይታያል።

ከዚያ በኋላ መዋጮው በየጊዜው ሲያድግ 250ዋ ግን ባለችበት ቀረች። መጀመሪያ ከጠቅላላው ድምፅ ከመቶ 11 ያህል የነበረው የመነሻ ድምፅ ድርሻ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት ከመቶ ወደ 2 ወረደ። ማንም በግልጽ ሳይነጥቃቸው የድሆቹ ድምፅ ተሸረሸረ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ታዳጊ አገሮች በ1971 የ24ቱን ቡድን አቋቁመው በአንድነት መጠየቅ ጀመሩ። በ2008 በተደረገ ስምምነት መነሻው ድምፅ በሦስት እጥፍ ጨመረ፤ ድርሻውም ዳግመኛ እንዳይወርድ ከመቶ 5.5 ላይ ተወሰነ። ይህ በሥራ ላይ የዋለው በ2011 ነው። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በቦርዱ ሦስተኛ ወንበር አገኙ። ከዚያ በፊት ከ40 በላይ አገሮች የሚወከሉት በሁለት ሰዎች ነበር።

ይሁንና ዋና ዋና ለውጦችን ለማጽደቅ ከመቶ 85 ድምፅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ብቻዋን ከመቶ 16 በላይ ስላላት፣ እሷ ካልፈቀደች አይጸድቁም።

እንግዲህ ታዳጊ አገሮች ፍትሕ ይደረግልን ሲሉ ምጽዋት መጠየቃቸው አይደለም። ዛሬ ያለው የመነሻ ድምፅ ድርሻ ድርጅቱ ሲቋቋም ከነበረው ግማሽ ያህል ነውና፣ የሚጠይቁት አስቀድሞ የተሰጣቸው እንዲመለስላቸው ነው።